ከፖሊሹ ሥር ስለወጣው ጽሑፍ፤ ለክቡር ሊቀ መንበራችን

ለክቡር አቶ አለምዘውድ
በካምፓላ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ሰሞኑን ዝናቡና ፀሐዩ ሲፈራረቅ ጉንፋን ይዞዎት እንደነበር ሰምቼ ተጨንቄያለሁና፣ ከሁሉ በፊት ደረትዎ ለቀቅ እንዳለልዎ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የሰላም እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የእንቅልፍዎ ነገር ያሳስበኛል፤ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁና፣ ማኅበራችን ሁለት እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚችል አይመስለኝም።

ትህትና እባላለሁ። በንቲንዳ ሰፈር ቬሎ የማከራይ፣ ከማኅበሩ ደግሞ ጥቁሯን ስቴሽን ዋገን ቶዮታ ክራውን የሙሽራ መኪና ትሆነኛለች ብዬ የገዛሁ ሴት ነኝ። ሰሞኑን ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም ጉዳዩን አደባባይ ከማውጣት በጓዳ መጨረስ እንደሚሻል መክረውኝ፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ምክራቸውን እጅግ ስላከበርኩት፣ ከማኅበርተኛው አንድም ሰው እንዳያመልጠው ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ። ከአክብሮት መስመር ያለፍኩ ከመሰለዎ ልጅቷን ይውቀሱ እንጂ ስሟን አደራ።

አንደኛ፦ ስለ ሽያጩ ላመሰግንዎ ይገባል። መኪናዋን ሲሰጡኝ፣ ማኅበሩ እንግዶቹን ወደ ኢንቴቤ ኤርፖርት ሲሸኝባት የኖረች ጨዋ መኪና መሆኗን፣ ከዚያ በቀርም ሌላ ሥራ እንደማታውቅ በገዛ አንደበትዎ ነግረውኛል። እኔም ክራውን ማለት ዘውድ ማለት ስለሆነ የእርስዎ ሞክሼ ናት ብዬ ደስ እያለኝ ቁልፏን ተቀበልኩ። አሁን ነገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላ፣ ሊቀ መንበሩ ዋሽተዋል የሚል ሰው ቢነሳ የምከራከርልዎ እኔ ነኝ። ሁላችን በዚህች ምድር እንግዶች ነን፤ ሽኝትም ሽኝት ነው። ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር እንግዶቹ ተኝተው ይሄዱ እንደነበር ብቻ ነው። የማኅበሩ የአስከሬን መኪና እንደነበረች ማለቴ ነው፤ እዚህ የሞተ ወገን አገሩ ገብቶ እንዲቀበር ሳጥኑን ተሸክማ ኢንቴቤ የምታደርስ። ብዙ ኃላፊነት ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ቢዘነጋ አይፈረድበትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጭረቶቹም አመሰግናለሁ። ስገዛት ከኮፈኗ እስከ ኋላ በሯ ድረስ በደቃቃ ክብ ክብ ጭረት ተሸፍና፣ ፀሐይ ሲያርፍባት የሸረሪት ድር ያደራባት ትመስል ነበር። የካምፓላን ቀይ አቧራ በደረቅ ጨርቅ ክብ እየሠሩ ሲጠርጉባት የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው። ያኔ ቸልተኝነት መስሎኝ በልቤ አምቻችሁ ነበርና ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለካስ መጋረጃ ኖሯል። ሙሽራ ደግሞ በተጫረ መኪና አትሄድም። ስለዚህ መኪናዋን ካትዌ ወስጄ ሴማኩላ ለሚባል ፖሊሽ በማሽን ለሚሠራ ሰው ሰጠሁት። አጥቦ፣ የጎማና የመብራቱን ዳር በፕላስተር ሸፍኖ፣ በሚሽከረከረው ስፖንጅ ላይ ቅባቱን እያደረገ፣ አንዱን በር ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሳይሄድ፣ በባትሪ መብራት እያየ ጭረቱን አንድ በአንድ አነሳው። እንዲህ ያለ ጥቁር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ፊቴን ብቻ ሳይሆን የጆሮዬን ጌጥ አየሁበት። ሴማኩላ ቁልፉን ሲመልስልኝ የኋላ በሮቹን ጌጥ እንዳልነካብኝ፣ እንዲያውም ዙሪያውን ተጠንቅቆ እንዳወጣው በኩራት ነገረኝ። የምን ጌጥ እንደሆነ አልገባኝም፤ ቀኑም ደመና ስለነበር ምንም አልታየኝም፤ አመስግኜ ሄድኩ።

ሴማኩላ ምን ያድርግ፤ የእኛን ፊደል አያውቅም። አበባ መስሎት ነው።

ሦስተኛ፦ ኤዶም የምትባል ደግ ልጅ የመጀመሪያዋ ሙሽራዬ ሆነች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ዝናቡ አባርቶ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ቦግ ብሎ ነበር። ፎቶ አንሺው ዩጋንዳዊ ስለሆነ ብርሃኑ ደስ ብሎት፣ ሙሽራይቱን ከኋላ በሩ አጠገብ አቆማትና ደጋግሞ አነሳት። በዚያን ጊዜ አክስቷ የቬሎውን ጫፍ ልታስተካክል ጎንበስ ብላ ሽቅብ ስታይ፣ ከልጅቱ ቬሎ በላይ በጥቁሩ ላይ በባሰ ጥቁር፣ ነፍስ ይማር የሚል ጽሑፍ አነበበች። ክቡር ሆይ፣ እናቷ ነጠላዋን አውልቃ በሩ ላይ ጣል አደረገች። እልልታው መሐል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ኤዶም በኪራይ ታክሲ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከእኔ መኪና የሚከራይ ሙሽራ ጠፍቷል፤ ቬሎውንም የሚወስዱት እያሸተቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ስለ እኔ የሚወራውን ሁሉ አልሰማሁትም፤ የሰማሁት ግን ይበቃኛል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የእኛው ደግሞ በማሽን ጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለቱ የኋላ በሮች ላይ ለዓመታት በስቲከር የተለጠፈ ጽሑፍ ነበረባት። መኪናዋን ልትሸጡ ስታስቡ ስቲከሩን ልጣችሁ ጣላችሁት። ነገር ግን የዚህ አገር ፀሐይ ዙሪያውን ያለውን ቀለም ሲበላ፣ ከፊደሎቹ ሥር ያለው እንዳለ ቀርቶ ነበር። ጭረቱ እስካለ ድረስ ብርሃኑን ስለሚበታትነው አይታይም፤ ጭረቱ ሲነሳ ወጣ። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ፣ ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ ያሉት ባለ ምግብ ቤቷ እማማ ዓለምሸት ናቸው። ስለ ወሬው ሰምተው ሊያጽናኑኝ መጥተው፣ መኪናዋን ከግቢዬ ሲያዩ መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ። ከዚያም ጽሑፉን ማን እንደሠራው አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አራተኛውን ለመጻፍ ስነሳ ስቀመጥ ሰንብቻለሁ። ወንድሜን ዳግማዊን ያስታውሱት ይሆናል። ዋንዴገያ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት፣ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያትምና ሲጠርዝ፣ ለሱቁ ሁሉ ስቲከር ሲቆርጥ የነበረው ቀጭን ልጅ። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ገጭቶት ሞተ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩና ሳጥኑን ቦሌ ወርጄ ተቀበልኩት። በዚህኛው ጫፍ ማን እንዳነሳው፣ በምን እንደሄደ፣ ማን አብሮት እንደተቀመጠ ሳላውቅ ኖርኩ። ዕቃውን ልሰብስብ ብዬ መጥቼ እዚሁ የቀረሁትም በእሱ ምክንያት ነው፤ እሱ የኖረበትን ከተማ ጥዬ ለመሄድ እግሬ እምቢ ስላለኝ። እማማ ዓለምሸት እንደነገሩኝ፣ ነፍስ ይማር የሚለውን ለማኅበሩ መኪና በገዛ እጁ ቆርጦ የለጠፈው ዳግማዊ ነው። ኢንቴቤ የሄደውም በዚያችው መኪና፣ በራሱ ጽሑፍ ሥር ተኝቶ ነው።

እማማ ከሄዱ በኋላ ወጥቼ አየሁት። «ማ»ን ሲጽፍ እግሯን ከመስመር አሳልፎ ወደ ታች ይለቃታል። ልጅ ሳለ አስተማሪው ስለዚች እግር ጣቱን በማስመሪያ ይመታው ነበር፤ እናታችንም ትቆጣው ነበር፤ እምቢ እንዳለ አደገ። የመኪናዋ በር ላይ ያለችው «ማ» እግሯ እንደዚያው ነው። እጁ ነው፣ አቶ አለምዘውድ። በጣም ናፍቆኛል፤ ከእሱ እጅ የቀረኝም ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ሽማግሌዎችዎ ይዘውት የመጡትን መልእክት ልድገመው፣ ተሳስቼ ከሆነ እንዲያርሙኝ። ለማኅበሩ ገጽታ ሲባል መኪናዋ እንደገና በማሽን ተፈግፍጋ ጽሑፉ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ፤ ወጪውንም ማኅበሩ እንደሚችለው ቃል ገብተዋል። ቸርነትዎ ልቤን ነክቶታል። ሴማኩላን ጠይቄው ነበር። ፊደሎቹን ለማጥፋት እነሱም የቀረው ቀለምም እኩል እስኪሆኑ መላግ እንዳለበት፣ ከላይ ያለው ሽፋንም አሁን ስስ ስለሆነ ምናልባት ቀለሙ ራሱ ሊነሳ እንደሚችል፣ አንድ ጊዜ ከጠፋም የሚመልሰው ማሽን እንደሌለ ነገረኝ። እኔ ወንድሜን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ ቀብር ማኅበሩ ቢሸፍነውም አቅሙ የለኝም።

አምስተኛው የእኔ አይደለም፤ የሟች ተስፋጽዮን ነው። ባለፈው ሲያርፍ የማኅበሩ መኪና የት እንደሄደች የጠየቀ ሰው መልስ አላገኘም፤ ሬሳው ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ሲጭን በዋለ ፒካፕ ኢንቴቤ ተወሰደ። ሳጥኑ ላይ የተጣበቀውን የሙዝ ቅጠል ሚስቱ በእጇ ስትለቅም አይቻለሁ። ለመኪናዋ ያዋጣ ሰው ሁሉ እንድትሸጥ ተጠይቆ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ግን እንደ ወትሮው በደንብ ያስረዱታል ብዬ አምናለሁ። ሰው በቁሙ ተዋርዶ መኖሩን ለምደነዋል፤ ሲሞት እንኳ ከማቶኬ ተራ ወጥቶ ይሂድ ብሎ ነበር ማኅበሩ የተቋቋመው።

ስለ እኔ ሁኔታ ቢጠይቁ፣ ደህና ነኝ፤ ብቻ ፈርቻለሁ። ያ ሰውዬ ጥቁሩን በጣም አጥርቶታል። ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በበሩ ላይ ቬሎዎቹ ባዶአቸውን ሲወዛወዙ አያለሁ፤ ሰው የሌለበት ሠርግ ይመስላል። አንዳንዴ ከኋላዬ የቆመ ሰው አይቼ ዞር ስል ማንም የለም። ያቺን «ማ» ልነካት እጄን ስዘረጋ፣ ከውስጥ ሌላ እጅ ይመጣና ጣቴ ጫፍ ላይ ይገናኘኛል፤ የራሴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቀድሞኝ የሚዘረጋ ይመስለኛል። አንድ ሰሞን ሲብስብኝ በሯን ወደ ግንብ አዙሬ አቆምኳት። ከዚያ ወንድሜን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያስቆምኩት መስሎ ተሰማኝና መልሼ አዞርኳት። አሁን ስወጣ እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ጎረቤቴ ታየኛለች። ለካስ ሰው ሙት መልሶ እንዳይመጣበት ብቻ አይፈራም፤ መጥቶ ደግሞ እንዳይሄድበት ይፈራል። እኔ የያዘኝ ይህኛው ፍርሃት ነው።

ስለዚህ የክቡርነትዎን ጥያቄ በታላቅ ምስጋና አልቀበለውም። መኪናዋ ከእንግዲህ ማሽን አይነካትም። ከሙሽራ ሥራም አውጥቻታለሁ። የኋላ ወንበሯን አስነስቼ ባዶ አድርጌያታለሁ፤ የሚያርፍ ሰው ሲኖር፣ ኢትዮጵያዊ ይሁን ኤርትራዊ፣ መዋጮውን የከፈለ ይሁን ያልከፈለ፣ ወደ እኔ ይደወል፤ ኢንቴቤ እኔው ራሴ ነድቼ አደርሰዋለሁ። ፊርማ፣ ማኅተም፣ የሊቀ መንበር ፈቃድ አያስፈልግም። ጽሑፉም እንደ አዲስ መለጠፍ የለበትም፤ ባለሙያው አስቀድሞ ጨርሶታል። እርስዎ በሸጡልኝ መኪና ያስቀሩትን ሥራ እንድቀጥል ስላደረጉኝ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ፈጣሪ ጤናዎን አብዝቶ፣ ወንበርዎን አጽንቶ፣ ጉንፋንዎንም ነቅሎ እንዲያኖርዎ እየለመንኩ፣ ክብርዎ ፖሊሽ የማያስፈልገው፣ ስምዎም ጭረት የማይወጣለት ሆኖ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቻለሁ።

የዳግማዊ እህት፣
ትህትና
ንቲንዳ፣ ካምፓላ

ድጋሚ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራትዎን ሰምቻለሁ። መኪናዋን ከአዳራሹ በር አጠገብ፣ የኋላ በሯን ወደ ምዕራብ አድርጌ አቆማታለሁ፤ ማንም ሳያያት መግባት አይችልም። ቁመቱ እንደ እርስዎ ለሆነ ሰው ግን ጽሑፉ ቆሞ አይነበብም፤ ብርሃኑ የሚያወጣው ጎንበስ ላለ ሰው ነው። ወንድሜ የተሸኘ ዕለት ስብሰባ ስለነበረብዎ፣ ሳጥኑ ፊት ጎንበስ ለማለት ጊዜ እንዳጡ እማማ ዓለምሸት ነግረውኛል። እሑድ አይቸኩሉ፤ እንጠብቅዎታለን።