አካላዊ ለውጥ ይመለሳል

ሐሙስ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ዛሬ የሳይንስ መምህሩ ቅቤ አቀለጡና መልሶ ሲረጋ አሳዩን። "ይኼ አካላዊ ለውጥ ነው፤ ይመለሳል" አሉ። ከጎኔ ይግዛው ተቀምጧል። በልጅነቱ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የቀኝ እጁ ጣቶች ተጣብቀዋል፤ ድቁናም የተከለከለው በዚሁ ነው። ጠጋ ብዬ "ሰማህ? አካል ላይ የደረሰ ለውጥ ይመለሳል ማለታቸው እኮ ነው" አልኩት። እሱ ሆዬ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"የኔታ፣ የኔም ጣቶች ይመለሳሉ?"

ክፍሉ አውካካ። እኔማ ከዴስኩ ሥር ገባሁ። መምህሩ ክብሪት ጭረው ስንጥር አነደዱና አመዱን አሳዩት። "የተቃጠለ አይመለስም ልጄ፤ ተቀመጥ።"

ስንወጣ "ዲያቆን ቅቤ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ልጆቹ እስከ ገበያው ድረስ በዚሁ ስም እየጮኹ ሸኙት።

ተቀየመኝ ስል አመሻሹ ላይ ቤት ድረስ መጣ።

"መምህሩ ያሉት ስለ እንጨት ነው፣ አይደል?"

"አዎ፣ ስለ እንጨት ነው" አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ቢሰድበኝ ኖሮ ጨዋታው እዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ግን ነገ "መቼ ነው የሚመለሱት?" ማለቱ አይቀርም። ቅቤ ቀብተህ ፀሐይ ላይ አሙቃቸው ልበለው ይሆን...