የበላነው ዘር

ሚያዝያ 10 ቀን 1995 ዓ.ም.
ኩልመስክ

ውድ እትዬ ባንቺዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ጥፋቴን ጋሸና ምሳ ሊበላ የተቀመጠ ሹፌር ሁሉ ይስማው። አምስት ጊዜ ገልብጬ በዚያ ለሚያልፉ አምስት ሹፌሮች ሰጥቻለሁ። ከልጅዎ ከሰብሌ ጋር ወደ ጋሸና መውረድዎን ከመስማት በቀር የት እንዳሉ አላውቅም።

እኔ ምሥጋናው ነኝ፤ ኅዳር ላይ ከወረዳ ወረቀት ይዘን ከመጣነው ከሦስቱ አንዱ፣ ያ ቀጭኑ። ድርቅ ቢመጣ መንግሥት ለየትኛው ቀበሌ እህል እንደሚያደርስ የሚወስን አገር አቀፍ ዕቅድ ሊወጣ ነበር። ለቀበሌያችሁ ናሙና ሆኖ የተመረጠው የእርስዎ ቤት ነው። ገና አቧራችንን ሳናራግፍ እጃችንን አስታጠቡን። የገብስ እንጀራ በአተር ወጥ፣ በላዩ ጠላ። "አፈር ስሆን፣ ጨምሩ" እያሉ ቆመው ሲያበሉን፣ እኔ እያኘክሁ፣ እስከ በልግ የሚያደርስ እህል አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

"እግዜር ይመስገን፣ አለን" አሉኝ።

የላስታ ልጅ ነኝ። እናቴም ብትሆን እንግዳ እያበላች "የለኝም" አትልም፤ ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላታል። ይህን እያወቅሁ "በቂ ክምችት አለ" ብዬ ጻፍሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ጠግቤም ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዕቅዱ ጥር ላይ ታትሞ መጣ፤ ወፍራም፣ ካርታው የሚያምር። የእናንተ ቀበሌ "ራሱን ይችላል" የሚለውን ቀለም ተቀብቷል። የእህሉ መኪና በደጃችሁ እያለፈ ለሌላው አራገፈ። መጋቢት ላይ ብመጣ በርዎ በገመድ ታስሯል። ጎረቤትዎ ጥሩሰው ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ "ያን ለት የበላችሁት የዘሯን ገብስ ነው። ምን ታርግ፣ እንግዳ ናችሁ" አለኝ።

ለአለቃዬ ተናዘዝሁ። ጮኸብኝ፤ ሳምንት ሙሉ ደጁን ስጠና ግን ድጋሚ ማጣራት ተፈቀደ። ሚያዝያ 29 ከዞን ሰዎች ጋር እንመጣለን፤ የሚጠየቀው ያው የእርስዎ ቤት ነው። ዝግ ሆኖ ከተገኘ የተጻፈው ይጸናል፤ እስከ መጪው ኅዳር ቀበሌያችሁን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የጥሩሰውን ልጆች አይቻቸዋለሁ። እስከ ኅዳር አይደርሱም።

እባክዎ ይመለሱ። ደብዳቤውን የያዘው ሹፌር ያሳፍርዎታል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ለምኛቸዋለሁ።

ደግሞ ስንገባ ከመደቡ አይነሱ። እጃችንን አያስታጥቡን። ባዶውን ጎታ ከፍተው ያሳዩንና "የለኝም" ይበሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ፊት። ከጎረቤት ለምነው አንዳች ነገር እንዳያቀርቡልን። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ውሃም ቢሆን።

የበደልሁዎ ልጅዎ
ምሥጋናው