በውሸት ቀብር ላይ የተጠራ ስም

ሞላሌ፣ ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ምንተስኖት፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና መጠየቅ ከተውን ግን ሦስት ዓመት አለፈን። ቢሆንም ሰሞኑን ቤታችን የሆነውን ነገር ካንተ በቀር ለማን እንደምነግረው ስላላወቅሁ፣ ግንባር ሳለህ እንደማደርገው ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ያኔ የምጽፍልህ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም ነበር። አሁን እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ዘምተህ ስትሄድ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሬዲዮው ዜና ሲጀምር እማዬ የያዘችውን ሥራ ጥላ ትቆም ነበር። «ሠራዊታችን» ባሉ ቁጥር አንተን የጠሩህ ይመስላት ነበር። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፤ ስለ ድሉ ብዙ ተወራ፤ ያንተን ስም ግን ማንም አላነሣም። ከአገራችን ልጆች አንዳንዶቹ ተመለሱ። አንተ የለህም። ሞቷል ያለንም ሆነ ተማርኳል ያለን ሰው አልነበረም። እማዬ በርኖስህን ብል እንዳይበላው እያለች ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ መልሳ ታጥፋለች።

በ1994 ጥር ላይ እኔ ደብረ ብርሃን መምህርነት እሠለጥን ነበር። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች ከመንደራችን በላይ ወዳለው የጓሳ ሜዳ መጡ። ፊልሙ የአንድ የከተማ ወጣት ታሪክ ነው። ባለጸጋ ገበሬ የሆኑ አባቱ አርጅተው አልጋቸው ላይ ይሞታሉ፤ ልጁ ለቀብር ይመጣል፤ ለቅሶው ላይ አንዲት ቆንጆ ያያል፤ የቀረው ፍቅርና ሳቅ ነው። ለቀብሩ አልቃሽ አስፈለጋቸውና የመንደራችንን ሰው ለመኑ። እማዬም ወንድሟ ጋሼ ወዳጆም ከሰዉ ጋር ወጡ።

እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እማዬ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ለአንተ አለቀሰች አሉ። የውሸት ቀብር መሆኑን ረስታ መሬት ላይ ተዘረረች። አዘጋጁ «ግሩም ነው!» ብሎ አጨበጨበ። የመንደሩ ሰው ግን ደንግጦ ወደ ቤቱ ገባ። ሞቱ ላልተረጋገጠ ልጅ ማልቀስ ሞት መጥራት ነው ተብሎ እኛ ዘንድ ምን እንደሚያስወራ አንተ ታውቀዋለህ።

በዓመቱ መርዶህ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበርና ሽማግሌዎቹ በማለዳ ደጃችን ቆሙ። «ለአገሩ ተሰውቷል» አሉን። መቼ? የት? ለእነሱም አልተነገራቸውም። ቤቱ ወዲያው በለቅሶ ተሞላ፤ እማዬ ግን አላለቀሰችም። ደረቷን አልደቃችም፤ ፀጉሯን አልነጨችም። ምሰሶውን ተደግፋ ተቀመጠች። ሰዉ ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ጋሼ ወዳጆ ከወንዶቹ መሀል ብድግ አሉ።

«እሷማ ከየት ታምጣው!» አሉ። «እንባዋን ካሜራ ፊት ጨርሳዋለች! የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ያን ለት በሕይወት ቢኖርስ? ተማርኮ የሆነ ቦታ ታስሮ ቢሆንስ? በቁሙ አልቅሳ የሸኘችው እሷ ናት።»

«ተው» ያላቸው ሰው አልነበረም። እማዬም ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ አቀረቀረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድምና እህቱ በአንድ አጥር እየኖሩ ሰላምታ አይለዋወጡም። ወሬውም እማዬ ላይ ቀረ። ማኅበር ላይ ስትገባ ጨዋታ ይቋረጣል። የወለደች ጎረቤት ስትኖር አራስ ልጠይቅ ማለት ተወች፤ «ሟርተኛ መጣች እንዳይሉኝ» ብላ። እኔ ነገሩን ባነሣባት «ተይው ልጄ» ነው መልሷ። ሁልጊዜ «ተይው ልጄ» ብቻ።

እዚህ ሞላሌ ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ፋሲካን አክብረን እንደተመለስን ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው። ካነበባችሁት መጽሐፍ፣ ካያችሁት ፊልም ወይም ከሰማችሁት ዜና አንዱን ምረጡ፤ በውስጡ ስለ ኑሯችንና ስለ ባህላችን የሚናገረውን አውጥታችሁ ለክፍሉ አስረዱ አልኳቸው። አንዱ ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሣር ለአጨዳ ስለመከፈቱ የሰማውን ዜና ይዞ መጣ። ዜናው ስለ ሣሩ እንጂ አጭደው ስለሚሸከሙት ሴቶች ምንም አይልም ብሎ ተከራከረ። ደስ አለኝ። ቀጥላ ትሕትና የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተነሣች። ፊልም ነው የመረጥኩት አለች፤ ታሪኩን መናገር ስትጀምር የትኛው ፊልም እንደሆነ ገባኝ።

ያን ፊልም አይቼው አላውቅም ነበር። የኸይረዲን ቪዲዮ ቤት ደጅ ላይ ማስታወቂያውን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

«ፊልሙ አስቂኝ ነው» አለች ትሕትና። «አንድ ቦታ ግን አልገባኝም። የሞቱት ሽማግሌ ናቸው፤ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። አልቃሿ ግን እንዲህ ትላለች፦

የጓሳ ነፋስ እንኳ በርኖስ ያስደርባል፣
ልጄን በበረሃ ማን አፈር ያለብሳል?»

ክፍሉ ሳቀ። «ደራሲው ተሳስቶ ነዋ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ።

«አይመስለኝም» አለች። «ሴትየዋ ለፊልሙ ሟች አይደለም የምታለቅሰው። በረሃ የቀረ የራሷ ሰው አላት። ሌሎቹ ተዋናዮች ሲያለቅሱ ካሜራውን ያያሉ፤ እሷ ምንም አታይም። ቲቸር፣ ባህላችንን አውጡ ብለውን የለ? እኔ ያገኘሁት ይኼን ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ያላወቁት ለቅሶ ፊልሙ ውስጥ አለ።»

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ይሆናል። ጥቁር ሰሌዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ትሕትና ግን አልጨረሰችም።

«ደግሞ ከሷ በፊት አንድ ወንድ ይጮሃል። ‹ወይኔ ምንቴ!› ያለ መሰለኝ። ጺማቸው የሸበተ ሰውዬ ናቸው። ሴትየዋ ብድግ የምትለው የሳቸውን ድምፅ ሰምታ ነው።»

ምንተስኖት፣ በዚህ ዓለም ላይ አንተን «ምንቴ» የሚልህ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እማዬ እንኳ ሙሉ ስምህን ነው የምትጠራህ። አባታችን ሲሞት በሬ መጥመድ ያስተማሩህ፣ ፈረስ ላይ ያወጡህ ጋሼ ወዳጆ ናቸው «ምንቴ» የሚሉህ።

ክፍለ ጊዜውን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ለትሕትና «ጎበዝ» ብያት ወጣሁ። ያቺ ሴት እናቴ ናት ማለት ግን አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

ጋሼ ወዳጆ አልፎ አልፎ በግ ይዘው ሞላሌ ገበያ ይመጣሉ። ከእማዬ ጋር ቢኮራረፉም እኔን አልተዉኝም፤ ሲመጡ ቤቴ እህል ይቀምሳሉ። በገበያው ቀን ጠዋት እንደደረሱ አገኘኋቸውና አንድ የማሳይዎት ነገር አለ አልኳቸው።

«የት ነው?»

«ኸይረዲን ቪዲዮ ቤት።»

«አብደሻል እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር ፊልም ላይ ልጋፋ?»

«ሰው የለም፤ ሳይከፈት እኛ ብቻ ነን የምናየው።»

ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ዱላቸውን አንሥተው ተከተሉኝ። ኸይረዲን ሰው የሚገባው ልጅ ነው፤ ጉዳዩን ብዙ ሳይጠይቅ ካሴቱን እስከ ቀብሩ ድረስ አሳልፎ አዘጋጅቶልን ነበር። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ጓሳ ታየ። ቃሬዛው መጣ። ሴቶቹ እየተሽኮረመሙ የይስሙላ ያለቅሳሉ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፦ «ወይኔ ምንቴ! ወይኔ ልጄ!» በሰዉ መሀል የጋሼ ወዳጆ ፊት ብቅ ብሎ ጠፋ፤ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ይመታሉ። ወዲያው እማዬ ብድግ አለች። ነጠላዋ መሬት ላይ ወደቀ። ግጥሟ ተሰማ። ከዚያ ካሜራው ከሷ ላይ ተነሥቶ ወጣቱና ቆንጆዋ ወደሚተያዩበት ዞረ፤ ያንተ ለቅሶ የነሱ መተያያ ማጀቢያ ሆነ።

«መልሰው» አሉ ጋሼ ወዳጆ።

ኸይረዲን መለሰው።

«አሁንም መልሰው።»

ከዚያ በኋላ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ኸይረዲን ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወጣልን።

«እኔ ነኝ የጀመርኩት» አሉ በመጨረሻ። «ቃሬዛው ላይ ሰው አልነበረም፤ ገለባ በአቡጀዲ ጠቅልለው ነው ያሸከሙን። እኔ ነበርኩ ከፊት የያዝኩት። ቀለለኝ። ቀለለኝና፣ ለገለባ እንኳ አራት ሰው ቆመ፤ ምንቴን ማን ተሸከመው? አልኩ። ቃሬዛውን ካወረድን ወዲያ ምን እንዳልኩ አላውቅም።»

«ታዲያ እማዬን ለምን…»

«ፈራሁ» አሉ። «መርዶው ሲመጣ ፈራሁ። ‹ያን ለት በሕይወት ቢኖርስ?› ያልኩት እኮ ራሴን ነው። ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣኝ እሱ ነው። በሷ ላይ ብጥለው የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር።»

በጎቹን ለአገራችን ሰው አደራ ሰጥተው በዚያው ቀን አይሱዙ ላይ ተሳፍረን መሀል ሜዳ ወረድን፤ ከዚያ ቤት ድረስ በእግር ሄድን። እማዬ ከደጅ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። ሁለታችንን አብረን ስታየን እንዝርቷ ቆመ።

ጋሼ ወዳጆ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ አንዱን አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አኖሩና ጎንበስ አሉ። «ጌታነሽ፣ ያን ለት መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ፊልሙ ላይ አየሁት።»

እማዬ ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አውቃለሁ» አለች። «ድምፅህን ሰምቼ አይደል የተነሣሁት? ሌላው በጫጫታው አልለየህም እንጂ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገርሽም? ሰው ሲሸሽሽ፣ እኔም ስረግምሽ?»

«ብናገር ምን ይሆናል? ሰው ሁለታችንንም ያማናል። አንተ ደግሞ ሐሜት አትችልም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ አትችልም። ያሳደግኸው ልጅ ሞቶብሃል፤ በላዩ ላይ ይኼን ብጨምርብህ ታብድብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ጋሼ ወዳጆ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እማዬ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ጠላ ቀዳችላቸው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ አንዲት የታመመች በቅሎ ተጫወቱ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገና ደጀ ሰላሙ ላይ ሳሉ፣ ጋሼ ወዳጆ ሰዉን አስቁመው ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ተናገሩ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ አንዳንዱ ወሬው የሚዞርበት አዲስ ሰው በማግኘቱ የተደሰተ መሰለኝ። እማዬ የፈራችው ይኼን ነበር። አሁን እሳቸውን በጎን የሚያዩዋቸው አሉ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልጽፍልህም። ያን ለት በሕይወት ነበርክ ወይስ አልነበርክም? ይኼን እስከ ዛሬ የሚነግረን የለም፤ ሁለቱም ስለዚህ ነገር ማሰብ አላቆሙም። ግን አሁን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያስቡት።

ልመለስ ስነሣ እማዬ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ፊልሙን ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልፈልግም አለች። ጥቂት እንደሄድን ግን እጄን ያዘችኝ።

«ጽናት፣ ያን ለት ራሴን ስቼ ስለነበር ያልኩትን አላውቀውም» አለች። «መርዶው ሲመጣ ደግሞ ድምፄ እምቢ አለኝ። ያለችው ለቅሶ ያቺው ብቻ ናት። አንቺ ሰምተሻታል። ደህና አድርጌ አልቅሼለታለሁ?»

ወንድሜ፣ ያልሽውን ልንገርሽ ብዬ ግጥሙን ወንዙ ዳር ቆሜ አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ሦስተኛውን አብራኝ አለችው፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፅ። በመጨረሻ እኔ ተውኩት፤ እሷ ብቻዋን ቀጠለች፤ ያልነበሩ ስንኞችም ጨመረችበት። ነጠላዋን አገልድማ፣ ማንም ሳያያት፣ አንተን እያለቀሰች እስክትጨርስ ድረስ ከጎኗ ቆምኩ።

ነገ ክፍል ስገባ ለትሕትና ያቺ ሴት ማን እንደሆነች እነግራታለሁ። ስምህንም ሙሉውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ።

በናፍቆት፣
እህትህ ጽናት