በዚህ አድራሻ አይታወቁም ስለተባሉት ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የከተማችን የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ይልቁንም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ። ቢሮዎ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የከፈተውን የቀን ማረፊያ ዘጠኝ ዓመት ያስተዳደርኩ ሴት ነኝ። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፣ የገላ መታጠቢያውን ተራ እይዛለሁ፣ ሳሙና ቆርሼ አድላለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። ባለፈው ወር ስለዋሉልን ውለታ ፊት ለፊት ላመሰግንዎ አራት ጊዜ ደጅ ብጠናም ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. እንግዶች ሊጎበኙን ነው ብለው ግድግዳችንን ስላስቀቡልን እናመሰግናለን። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያፈሳል ብዬ ለስድስት ዓመት የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች መልስ ባያገኙም፣ ቧንቧው ራሱ አብሮ ስለተቀባ አሁን አምሮበት ያፈሳል።

፪ኛ. ለቀለሙና ለጉብኝቱ ሲባል ተገልጋዮቻችን ለአራት ቀን ድርሽ እንዳይሉ ማዘዝዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። እንግዶቹ በቤቱ ንጽሕና ተደንቀው ሄደዋል፤ ሰው የሌለበትን ቤት ምን ያቆሽሸዋል? የእኛ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ግንብ ሥር ተደርድረው፣ ስለ እነሱ የተደረገውን ንግግር በድምፅ ማጉያ አዳምጠዋል። አንድ የቀድሞ ሹፌር እኛን ነው የሚሉት ወይስ ሌሎች አሉ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

፫ኛ. የደብዳቤ መደርደሪያችንን ስላስነሱልን። ይህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቤት የሌለው ሰው ደብዳቤ የሚመጣበት ደጅ ስለሌለው፣ ሰዎቻችን በየሄዱበት የሚሰጡት የእኛን አድራሻ ነው። አንድ አናጢ ተገልጋያችን ከተጣለ በር አርባ ክፍል ያለው መደርደሪያ ሠርቶልን፣ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን መጠሪያ ጽፈንበት ነበር። ደንባችን አንድ ነው፤ ደብዳቤውን ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነሳም። ኪሱም ፌስታሉም በየመንገዱ ሲፈተሽ የሚውል ሰው፣ ሌላ እጅ የማይገባበት አንዲት ስንዝር ቦታ ትኑረው ብለን ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ፣ ሰዎችዎ መደርደሪያው ከቀለሙ ጋር አይሄድም ብለው ነቀሉት። በውስጡ የነበሩትን ሠላሳ አንድ ደብዳቤዎች ደግሞ «ተቀባዩ በዚህ አድራሻ አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ በቢሮዎ ማኅተም እየመቱ በዚያው ዕለት በመልእክተኛ ወደየላኪዎቻቸው መለሱ። ቢሮዎ በአንድ ቀን የጨረሰው ጉዳይ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሠላሳ አንዱ አንዷ የጋሼ ነበረች። ጋሼ የምንላቸው በመስኮታችን ሥር ተቀምጠው የሁሉንም ካፖርት የሚጠግኑ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረችውንም ሞራ እየሸፈናት ስለሆነ የቀዶ ሕክምና ተራ አሥራ አራት ወር ጠብቀዋል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ የደረሰው ቤቱ በሚዘጋበት ዋዜማ፣ እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር፤ ግን ደንብ ደንብ ነው ብዬ ከክፍላቸው አኖርኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም፤ እስከዛሬም ይቆጨኛል። በማግስቱ በሩ በሰዎችዎ ተይዞ ስላገኘሁት፣ ቀጠሮው በዚያው ሳምንት ይሆናል ብዬም ስላልጠረጠርኩ፣ ደብዳቤዋን ብቻ ላውጣ ብዬ አራት ቀን ለመንኩ፤ አራት ቀን ነገ ተባልኩ። በአምስተኛው ቀን መደርደሪያውን ሳጣው ጋሼን ይዤ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ቀጠሮው ትናንት ነበር፣ ደብዳቤውም አይታወቁም ተብሎ ስለተመለሰ ስማቸው ተሰርዟል፣ እንደ አዲስ ይመዝገቡ አሉን። ሐኪሙ ግን ዓይኗ ሌላ አሥራ አራት ወር እንደማትጠብቅ ነግሮናል። በመንገድ ላይ ጋሼ «ዘጠኝ ዓመት እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ እኔን የማያውቀኝ ማነው?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ መግል የቋጠረ እግር አጥቤያለሁ፣ ትውከት በእጄ ጠርጌያለሁ፣ ቅማል ለቅሜያለሁ፤ አንድ ቀን አንጀቴ ተገላብጦ አያውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ በጋሼ ደብዳቤ ላይ ያን ማኅተም ሳይ ግን አቅለሸለሸኝ። እስከ ዛሬ ምሳዬን ስበላ ትዝ ይለኛል።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ይታወቃሉ፣ ተራቸው ይመለስላቸው የምትል ሁለት መስመር ለሆስፒታሉ ይጻፉና በዚያው ማኅተም ይምቱበት፤ ማኅተሙ እንደሚሠራ አይተናል።

ለዘጠኝ ዓመት ደመወዝ የከፈላችኋት፣ ከዚህ ደብዳቤ በኋላም ትከፍሏት እንደሆነ የማታውቀው፣ ለከፍተኛ ትጋትዎ እጅ የምትነሳ፣

የቀን ማረፊያው አስተዳዳሪ

ማሳሰቢያ፦ ለጉብኝቱ ከቢሮዎ በር ላይ የተሰቀለው፣ «እያንዳንዱን ነዋሪ በስሙ እናውቃለን» የሚለው ትልቅ ጨርቅ ጠርዙ ተቀዶ ተልኮልን እንደነበር ያስታውሳሉ። በዚያች በቀረች ዓይናቸው ሁለት ቀን ሙሉ የሰፉት ጋሼ ናቸው። ትናንት ንፋስ ስለቀደደው እንደገና ይሰፋልን ተብሎ ከቢሮዎ መጥቶልናል። መርፌው አልታይ ስላላቸው ጨርቁን ለላኪው መልሰናል፤ ልብስ ሰፊው በዚህ አድራሻ አይታወቁም።