ከድስቶቹ በላይ የቸነከርኩት ሰሌዳ

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት የማታ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላለን ነው። በራሴ ብሆን በሌላ እጀምረው ነበር።

ልጅሽ መልእክትሽን አድርሳልኛለች። ደንቡ ተለውጧል፣ ደንበኛ ከቤቱ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ተፈቅዷል፣ የየሰዉን ዕቃ የምታውቀው እሷ ናትና ወደ ምሳ ቤቴ ትመለስ ብለሻል። በሬዲዮም ሰምቻለሁ። አንዱ አገር ዕቃህን ይዘህ ና ይላል፤ ሌላው ይዘህ ብትመጣ በር ይዘጋብሃል፤ ዛሬ የከለከለው ነገ ይለምናል። አገር ሁሉ እንዳንቺ ነው ለካ።

አንቺ ዘንድ ስሠራ፣ ሰው ጠዋት ወደ ሥራው ሲያልፍ ድስቱን ወይም ምሳ ዕቃውን ምሳ እንድሞላለት መደርደሪያው ላይ ትቶልኝ ይሄድ ነበር። ስም አልተጻፈበትም፤ ቢጻፍበትስ ለእኔ ምኔ ነው? እጀታው የተቃጠለው የልብስ ሰፊው ነው፤ ክዳኑ በገመድ የታሰረው የልብስ አጣቢዋ። ልብስ ሰፊው «ድስቴን ከሚስቴ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እንዳትሰማን ብቻ» ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰሌዳ አምጥተሽ «እትዬ፣ ይህን ስቀዪልኝ» አልሽኝ። ምን እንደሚል አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። የገዛ ታናሼን ምን ብዬ ልጠርጥር? ሁሉም እንዲያየው ከመደርደሪያው በላይ፣ ልክ ከድስቶቹ አናት ላይ ቸነከርኩት። ለካ «ከቤት የመጣ ዕቃ አንቀበልም» ይላል። ልብስ ሰፊው መጥቶ አነበበና አየት አደረገኝ። እኔ እንደ ወትሮው ሾርባውን ቀዳሁለት። ለእሱ ስል ደንብ የጣስኩ መስሎት በዓይኑ ጠቀሰኝና ድስቱን ከኮቱ ሥር ሸሽጎ ወጣ። ሰውዬው ዛሬ ምን ነካው ብዬ ስቄ ነበር።

ለልብስ አጣቢዋ ስቀዳ የጤና ተቆጣጣሪው ገባ። አንቺም ከጓዳ ወጣሽ። በዚያ ሁሉ ተመጋቢ ፊት እንዲህ አልሽው፦

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ማንበብ አትችልም። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ አይገባትም።»

ማንበብ አለመቻሌ እውነት ነው። አንቺ እንድትማሪ እኔን ቤት ያስቀረችኝ እናታችን ናት፤ በዚህ ተመጻድቄብሽ አላውቅም። ነግሬያታለሁ ያልሽው ግን ውሸት ነው። ውሸቱን ከእውነቱ ጋር ጠቅልለሽ ስላቀረብሽው ማንም አልለየውም። ልብስ አጣቢዋ እንኳ አንገቷን ደፍታ አዘነችልኝ። ተቆጣጣሪው ከጣለብን ቅጣትም፣ ከስድብሽም ይልቅ የከበደኝ የእሷ ማዘን ነው። ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ፤ አልተከተልሽኝም።

ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቼን ከሚያክሉ ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ትምህርት አጓጉቶኝ አይደለም። ሁለተኛ ማንም የማላውቀውን ነገር በእጄ እንዳያሰቅለኝ ነው።

ልጅሽ «እማዬ ይቅርታ ልትጠይቅሽ አስባለች» ብላኛለች። ዕቃ የሚለይ ሰው ሲጠፋ የታሰበ ይቅርታ ለገበያሽ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ለገበያሽ ሌላ ሰው ቅጠሪ፤ እኔ አልመለስም። ልጅሽንም ደግመሽ አትላኪብኝ፤ የእሷን ፊት እያየሁ እምቢ ማለት ይከብደኛል።

«አልነገርኳትም ነበር» የምትለዋን ቃል ግን እፈልጋታለሁ። ይዘሻት ነይ፤ ነገር ግን ከእኔ ምንም የማትፈልጊበት ቀን ይሁን።

ታላቅሽ