የተለቀቀልኝ ወንበር

ጥቅምት 6
ከሽንት ቤት በባዶ ስመለስ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ። ሆዴ ተነፍቶ ቀሚሴን በድጋሚ አሰፋሁት። ልብስ ሰፊ መሆን ለዚህ በጀኝ!
አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ዣንጥላ የያዙ እናት ተነሱልኝ። "ነይ ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ስንት ወርሽ ነው?" "ሰባት" አልኩ። ሰባት! ባል የለኝ፣ ምን የለኝ… ምን ነክቶኝ ነው? እስክወርድ ግን እጄን ይዘው አወሩኝ። ሰው እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜዬ?

ጥቅምት 9
ሐኪሙ ነገረኝ። የአንጀቴ ጫፍ ነርቭ የለውም። ከተፈጥሮዬ። ስለዚህ አይገፋም፤ ከላይ ያለው እየተጠራቀመ ይለጠጣል። "ሠላሳ አራት ዓመት እንዴት ቻልሽው?"
እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "እልኸኛ" ትለኝ ነበር። ፖፖ ላይ አስቀምጣ "እልህሽን ተዪና አውጪው!" እልህ አልነበረም እኮ እማዬ…
የታመመው ተቆርጦ ይወጣል፣ ደህናው ወደ ታች ተስቦ ይሰፋል። "ቅድና ስፌት ነዋ" አልኩት። ሳቀ።
ቅጹ ላይ "አስታማሚ" የሚል መስመር አለ። ባዶውን መለስኩት።

ጥቅምት 21
ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ፈራሁ።

ጥቅምት 26
አለሁ። ሐኪሙ ጠዋት ማታ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ "ፈስ ወጣ?" እሱ ካልወጣ ምግብ የለም። ዕድሜ ልኬን ያፈርኩበት ነገር እንዲህ ይጠበቅ?
ከሰዓት ወጣ! የምነግረው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። አጠገቤ የተኛችው ታማሚ በጠያቂ ተከባለች። ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 18
በየቀኑ ሽንት ቤት እወጣለሁ። እንደ ሰው!
ቀሚሴን አጠበብኩት። አውቶቡስ ውስጥ ማንም አልተነሳልኝም። እኚያ እናት ተቀምጠዋል፣ ዣንጥላቸውን ይዘው። አይተው አወቁኝ።
"እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!"
"ማርያም ታኑርዎት።" አፌ ቀደመኝ።
"ወንድ ነው ሴት?"
እንግዲህ ምን ልበል… "ዋሽቼዎት ነው እማማ። አርግዤ አላውቅም። የታመመ አንጀት ነበር። ቆርጠው አወጡልኝ።"
በቃ፣ ታዘቡኝ። አንገቴን ደፋሁ።
"እና ማን አስታመመሽ?"
"ማንም።"
ብድግ አሉ። "ቁጭ በይ።"
"ኧረ በሞቴ! አሁንማ ድኛለሁ።"
"ቁጭ በይ አልኩሽ!"
ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝ። የዛሬውን ወንበር አልሰረቅኩትም።