ወተት ከሐረማያ ማዶ

ሐረር፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለወለተሥላሴ፣ ለልጄ እናት፤

ሰላምታዬ ከሐረር ተነሥቶ፣ ድሬዳዋ ላይ ባቡር ተሳፍሮ፣ አዲስ አበባ እጅሽ እስኪገባ እንደማይደክም ተስፋ አለኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ልጁም ደህና ነው። እናትሽማ ከሁላችንም ይልቅ ደህና ናቸው አሉ። ብቻቸውን ገበያ ወጥተው በርበሬ ተከራክረው ይገዛሉ ብሎ በቀደም ከዚያ የመጣ ነጋዴ ነገረኝ። እሳቸውን ላስታምም ብለሽ ሄደሽ፣ እሳቸው ድነው አንቺ መቅረትሽን ምን ብዬ ልጥራው? ተይው፣ ዛሬ ለመጣላት አልተቀመጥኩም።

በዚያው ነጋዴ አፍ የላክሽው ቃል ደርሶኛል። ሐረር ለኦጋዴን ቅርብ ናት፣ የጦር ወሬ ይሰማል፣ ልጄን በባቡር ላክልኝ ብለሻል። ወሬው ውሸት ነው አልልሽም። ዘንድሮ ስፋ ተብዬ የታዘዝኩት ድንኳን ራሱ ይናገራል፤ ሰው ለሰርግ ይህን ያህል ድንኳን አያሰፋም። መልሴ ግን አንድ ነበር። ኪዳነወልድ ገና ልጅ ነው፣ ብቻውን ባቡር አይሳፈርም፣ እኔም ሥራዬን ጥዬ ላደርሰው አልችልም፤ ስለዚህ እዚሁ ይቆያል። ይህንኑ ልጽፍልሽ ሳስብ ነው የሐረማያው ነገር የመጣው።

ልጅሽ ስካውት ሆኗል። አትደንግጪ፣ ወታደር ማለት አይደለም። አቶ አሰፋ የሚባሉ ጣና ዳር ያደጉ መምህር አሉ። ተማሪዎቹን አንገታቸው ላይ መሐረብ አሳስረው ገመድ መቋጠር፣ እሳት ማንደድ፣ በፀሐይ አቅጣጫ መለየት ያስተምሯቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተሰልፈው፣ በሸዋ በር ወጥተው፣ በእግራቸው ሐረማያ ሐይቅ ድረስ ሄደው ሰፈሩ። ያደሩበትን ድንኳን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለሹማምንት ስሰፋ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም።

በማግስቱ እኔና ጎረቤታችን ዐብዱልሐኪም፣ መጽሐፍ ጠራዡ፣ ልጆቹ ዳቦ ቆሎ ብቻ ይዘው መሄዳቸው አላስችል አለን። የእሱ ዐብዱልመሊክና የእኛው ልጅ እንደማይለያዩ ታውቂያለሽ። ከልጆቹ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ እስላም ነውና አንድ በግ አይሆንም። እኔ ቤት አንዱ በስመ አብ ተብሎ ታረደ፣ እሱ ቤት ሌላው ቢስሚላሂ ተብሎ ታረደ። ልጆቹ እንዳይቀናኑ ብለን ሁለቱንም በጨውና በዝንጅብል ብቻ አስበሰልን። እኔ ብልሁ ደግሞ ከድንኳኑ በተረፈ ሸራ መንታ ከረጢት ሰፍቼ የእኛን በበቅሎዋ ቀኝ፣ የእነሱን በግራ አንጠለጠልኩ። ከረጢቶቹ አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ በዚያም ኮርቼ ነበር።

አወዳይ ላይ በቅሎዋን ልናሳርፍ ጭነቱን አወረድን። እዚያ አንድ ደግ ሰው መልሶ ጫነልንና መንገዳችንን ቀጠልን። ሐይቁ ዳር ደርሰን ልጆቹ በደስታ ሲከቡን ዐብዱልሐኪም ወደ ግራው ከረጢት እጁን ዘረጋና ቆመ።

«አባይነህ፣ አወዳይ ላይ ስትጭን የትኛውን በየት በኩል አደረግከው?»

«አንተ አይደለህም እንዴ የጫንከው?»

«ወላሂ እኔ በቅሎዋን ይዤ ነበር። ያ ሰውዬ ነው የጫነው።»

ከፈትን። አየን። አሸተትን። አንድ ሥጋ፣ አንድ ሽታ።

«ያ ረቢ!» አለ ዐብዱልሐኪም። «በግ ከታረደ በኋላ ሃይማኖቱን አይናገር!»

ይኸውልሽ፣ ሥጋ ሞልቶ የሚበላው ጠፋ። አንዱ ጎረምሳ «ዓይናችንን ጨፍነን እንብላ» ብሎ መምህሩ ገሠጹት። ኋላ ሲመሽ ለጅብ ተጣለ፤ እሱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሁለቱንም ጨረሰ። ያኔ ገና ቀን ሳለ ግን እኔና ዐብዱልሐኪም እንደ ተቀጣ ልጅ ጎን ለጎን አቀርቅረን ተቀመጥን። ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ዳቦ ቆሎውም አልቋል።

ኪዳነወልድ ነው መላ ያመጣው። «መምህር፣ ወተት ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም» አለ። ከሐይቁ ማዶ የኦሮሞ ላም አርቢዎች ቤት ይታያል። በእግር ዞሮ መሄድ ያስመሻል። ልጆቹ ግን ጠዋት ከመምህሩ ጋር ከደንገል ያሰሩት ታንኳ ነበራቸው። እሱና ዐብዱልመሊክ እንሂድ አሉ።

«የእኔ ልጅ አይሄድም» ብዬ ተነሣሁ።

«አቶ አባይነህ፣ እስሩን የቋጠረው እሱ ነው» አሉ መምህሩ። «ዳር ዳሩን ሲቀዝፍም አይቼዋለሁ። እርስዎም ቆመው ይዩት።»

መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። የታንኳው አንድ ጎን ላልቶ ሲከፈት ከዳር ሆኜ አየሁ። ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ዐብዱልሐኪም የእኛን ነቢያት ሳይቀር ጠርተሃል ይለኛል። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቻለሁ፣ መዋኘት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ልጅሽ መቅዘፉን ትቶ ተንበረከከ። የአንገቱን መሐረብ ፈታ፣ የዐብዱልመሊክን ተቀበለ፣ ሁለቱን ቀጥሎ የላላውን እስር ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«አባባ፣ አይጩኹ! ደህና ነን!» አለ።

ድምፁ ጎርናና ነበር። መቼ እንደ ጎረነነ አላስተዋልኩም።

ሁለት ቅል ወተትና አንድ ቁና የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዘው መጡ። ላም አርቢዎቹ ዋጋ አንቀበልም ብለው፣ ልጆቹ የላላ በረታቸውን በገመድ አጥብቀውላቸው ነው የተመለሱት። ወተቱን በአንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ጠጡት። ዐብዱልሐኪምም ለእኔ አቀበለኝ፤ ግማሹን ልብሴ ላይ አፈሰስኩት።

እንግዲህ ብቻውን አይችልም የሚለው ምክንያቴ እዚያው ሐይቁ ላይ ቀረ። ወደ ከተማ ስንመለስ ከሰልፉ ኋላ አስቀርቼ መልእክትሽን ነገርኩት።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?» አለኝ።

«አትችልም ብዬ ነው።»

«እናቴ ናፍቃኛለች» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን መርፌው ላይ ክሩን ማን ያስገባልዎታል?»

«ዓይኔ ምን ሆነና?» ብዬ ተቆጣሁት። አንቺም ይህ ጽሕፈት ወደ ላይ ወደ ታች ቢልብሽ ብዕሩ አርጅቶ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲሄድ አልፈልግም። እሱ ከሌለ በዚህ ቤት ከስፌት መኪናዬ በቀር የሚናገር የለም። «ከመኪናህ ጋር ኑር» ብለሽ ነበር የሄድሽው፤ ይኸው ሊደርስብኝ ነው። ሆኖም አንቺም እናቱ ነሽ፣ ፍርሃትሽም ከንቱ አይደለም።

እንደማውቅሽ ይህን ከማንበብሽ በፊት አቅፈሽው፣ አልቅሰሽ፣ ከስቷል ብለሽ እኔን ረግመሽ ጨርሰሻል። ወረቀቱን ይዞልሽ የመጣው ራሱ ነውና። ድሬዳዋ ላይ ብቻውን ተሳፍሯል። መንገድ ላይ ምን እንደበላ ጠይቂው፤ እኔ የሰጠሁትን ስንቅ ለሰው አካፍሎ ይሆናል።

ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ፤ ዕድሜ ይጨምርላቸው። አንቺንም የስምሽ ባለቤት ሥላሴ በክንፋቸው ይጋርዱሽ።

ልጁ እስከ ፋሲካ ካንቺ ጋር ይሁን። ስለ መመለሻው አታስቢ፤ መንገድ መምራት ተምሯል። ወደ ሐረር የሚከተለው ሰው ካገኘም ይመራል።

የኪዳነወልድ አባት፣
አባይነህ